ወደ ኋላ የተመታች ኳስ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ሸሕዲ ላይ ግብዣ አደረጉልኝ። ፍየል ታረደ፣ ቢራና ለስላሳ ቀረበ፣ እኔም ብርድ ልብስ ተሸለምሁ። በመተማ ሙቀት ብርድ ልብስ የሚሸልም መሥሪያ ቤት የኔው ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ኃላፊው ተነሥቶ ለወጣት ኦፕሬተሮች ምክር ቢጤ ጣል እንዳደርግ ጠየቀኝ። ዕድሜዬን በግሬደር ላይ የጨረስሁ ሰው ነኝ፤ ንግግር አልችልም። ተነሥቼ፣ «ማሽናችሁ ሲያዝባችሁ ሞተሩን አጥፉና አንድ ጉንጭ ውሃ ጠጡ» ብዬ ተቀመጥሁ። ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ሲጠብቅ ቆይቶ እንደማይመጣ ሲገባው አጨበጨበ።

በኋላ አንዲት ወጣት መሐንዲስ አጠገቤ መጥታ ነገሩን ከየት እንደተማርሁት ጠየቀችኝ። ከጎልፍ ጨዋታ ነው አልኋት። «በመተማ ጎልፍ?» ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። አልፈረድሁባትም። ዛሬ ያን ሜዳ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ያለነውም እያለቅን ነው። የጡረታ ወረቀቴ ከሸሕዲ ጎንደር ስንቴ እንደተመላለሰ አላወራም፣ እሱ የሁላችንም ታሪክ ነው። የማወራው ስለዚያ ሜዳ፣ ስለ ጋሼ መንገሻና ስለ ሚስቴ ወንድም ስለ ሲሳይ ነው።

የተወለድሁት ደምቢያ ነው። ሥራ የጀመርሁት ሳንጃ፣ በግሪስ ቀቢነት ነበር። የመጀመሪያው አለቃዬ ከጧት እስከ ማታ ቃል የማይወጣው ሰው ነበር። ኦፕሬተርን የሚመዝነው ፊቱን አይቶ ሳይሆን ከኋላው ትቶት የሄደውን መንገድ አይቶ ነው። ጎንበስ ብሎ መሬቱን በዓይኑ ይለካና ወይ ራሱን ይነቀንቃል ወይ ዝም ብሎ ይሄዳል። ዝም ካለ ሥራው ጥሩ ነው ማለት ነው። የግሬደርን ነገር ያወቅሁት ከእሱ ነው፦ ብሌዱን፣ መሬት የሚቆርጠውን ብረት፣ በጣም ካቆምኸው መሬቱን ይነክሳል፣ በጣም ካጋደምኸው ይልሰዋል፤ ሥራው በመካከላቸው ነው። መሐሉን ለማግኘት ብዙ ዓመት ፈጀብኝ።

ወደ ሱዳን የሚያወጣው መንገድ ሲሠራ በኮኪትና በሸሕዲ መካከል ወደነበረ የኮንትራክተር ካምፕ ተቀጥሬ ሄድሁ። ደሞዙ ይሻላል ብለውኝ ነው፤ ይሻል ነበርም። ዋልካ የሚባለውን ጥቁር አፈር ያን ጊዜ በደንብ ተዋወቅሁት። ዋልካ ሁለት ጠባይ አለው። በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ክንድህን እስከ ክርንህ ይውጣል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ሙጫ ይሆናል። ጎማ አንዴ ከያዘ፣ ነዳጅ በሰጠኸው ቁጥር ራሱን እየቆፈረ ይቀበራል። ደገኛ ሾፌር ይህን እስኪያምን ድረስ ቢያንስ አንድ መኪና ይቀብራል።

የካምፑ ማኔጀር ከባሕር ማዶ የመጣ ረጅም ሰው ነበር። ሚስተሩ እንለው ነበር። ሰውየው ያለ ጎልፍ መኖር የማይችል ኖሮ፣ ሰሊጥ ከታጨደ በኋላ ከካምፑ ጀርባ ያለውን መሬት ከባለቤቱ፣ ከአንድ የጎንደር ባለሀብት፣ እስከ ግንቦት ድረስ ተዋሰ። ሜዳውን የሠራሁት እኔ ነኝ። አምስት ቦታ ላይ እንደ አውድማ ክብ አድርጌ ደለደልሁ። ሣር አይበቅልምና ከጓንግ ወንዝ አሸዋ አምጥተን፣ ንፋስ እንዳይወስደው በተቃጠለ የሞተር ዘይት ለውሰን አነጠፍነው። መሐሉ ላይ ጣሳ የሚያህል ጉድጓድ ቆፍረን ባንዲራ ተከልን። ሰው በረገጠው ቁጥር በጆንያ እየጎተቱ ማለስለስ ነው። ኳሷን ለመምታት ደግሞ እያንዳንዱ ተጫዋች የምንጣፍ ቁራጭ ይዞ ይዞራል፤ መሬቱ የሰሊጥ ጉቶና ስንጥቅ ስለሆነ ዱላ ይሰብራል። ስንጥቅ ውስጥ የገባችውን ኳስ በሽቦ እየጎረጎርን እናወጣታለን። ያልወጣችው እዚያው ቀርታለች፤ የመተማ ዋልካ ስንት ኳስ እንደዋጠ እግዜር ይወቀው።

እሑድ እሑድ ሠራተኛው ሁሉ እንዲጫወት ሚስተሩ ፈቀደ። እኛ ጨዋታውን የፈረንጅ ገና አልነው። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ እንዲሉ፣ እሑድ ጌታና ሎሌ የለም ነበር። ሆኖም ገና ያደገበት ሰው ይህን ጨዋታ መልመድ ያቅተዋል። በገና፣ ሩሯን አርቆ የለጋ እሱ ጎበዝ ይባላል። እዚህ ግን የሚያሸንፈው ኳሷን ባነሰ ምት ጉድጓድ የከተተ ነው። አራት ጉድጓድ አሳምረህ ተጫውተህ በአምስተኛው አንዴ ብትናደድ፣ የቀኑን ልፋት ሁሉ እዚያው ታፈሰዋለህ።

የሚያናድደው ጉድጓድ ደግሞ አምስተኛው ነበር። ከፊቱ ፈፋ አለ፤ በበጋ ደረቅ፣ ዳር ዳሩን ቁርቁራ የወረሰው፣ ሰው ቆሞበት የማይታይ ገደል። ኳስ እዚያ ገባች ማለት አበቃ ማለት ነው። ተጫዋቹ ገደሉን ለማዝለል ይመታል፤ ኳሷ ግድግዳውን መትታ ተመልሳ እግሩ ሥር ትወድቃለች። ደግሞ ይመታል። ሰው ከላይ ቆሞ ይስቃል። በሦስተኛው ምት ዓይኑ ይቀላል፣ ከዚያ በኋላ የሚመታው ኳሷን ሳይሆን የሳቀበትን ዓለም ነው።

እዚህ ላይ ነው ጋሼ መንገሻ የሚገባው። ጋሼ መንገሻ የካምፑ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ ቀስ ብሎ የሚራመድ ሽማግሌ ነበር። በጉልምስናው አዲስ አበባ የጎልፍ ተጫዋቾችን ከረጢት ይሸከም ነበር አሉ፤ እኛ ዘንድም እሑድ ሲሆን ያለ ደረጃ ልዩነት የፈለገውን ሰው ከረጢት ያነግታል። የአንድ ሰው ኳስ ክፉ ቦታ ስትወድቅ የሚያደርገው ነገር አይለወጥም። መጀመሪያ ትልቁን ዱላ ከከረጢቱ መዝዞ ብብቱ ሥር ይሸጉጠዋል፤ ብትለምነውም አይሰጥህም። ቀጥሎ ኮዳውን ይከፍትና «ጠጣ» ይልሃል። አልጠማኝም ብትል አይሰማም፤ ያችን አንድ ጉንጭ እስክትውጥ ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያ ይጠይቅሃል፦ «ከዚህ በቀላሉ የሚያስወጣው በየት በኩል ነው?»

መልሱ አብዛኛውን ጊዜ በመጣህበት በኩል ነው። ትንሿን ዱላ ይሰጥህና ኳሷን ወደ ኋላ፣ ወደ ለጥ ያለው ሜዳ ታወጣታለህ። አንድ ምት ከሰርህ። ከዚያ እንደ ሰው ትጫወታለህ።

ሲነገር ቀላል ነው፤ ሰው እያየህ ወደ ኋላ መምታት ግን ለጎንደር ልጅ ሞት ነው። ወደ ኋላ ማለት እኛ ዘንድ ሽሽት ነው። ሚስተሩ ራሱ ኳሱ ፈፋ ስትገባ ያለ ምንም እፍረት መልሶ ያወጣት ነበር፤ እኛ ያን እያየን፣ ምነው አለቃ ሆኖ ይፈራል ብለን አማነው። ጋሼ መንገሻ ሐሜታችንን ሰምቶ አንድ ቀን፣ «የመጀመሪያውን ስሕተት ማንም ይሳሳታል፤ እሱ አንድ ምት ነው። ሰው የሚሞተው እሱን አስመልሳለሁ ብሎ በሚመታው ነው» አለን። እኔ ነገሩ ገባኝ። ግሬደሬ ቦይ ውስጥ ሲንሸራተት ሞተር አጥፍቼ መውረድ፣ ውሃ መጠጣት፣ ዙሪያውን መዞር ጀመርሁ። በዚያ ልማድ ስንት ጊዜ እንደዳንሁ አልቆጠርሁትም። ሲሳይ ግን አልገባውም።

ሲሳይን ወደ ቆላ ያመጣሁት እኔ ነኝ። የመኪና መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ሥራ አጥቶ ተቀምጦ ነበርና ካምፑ ውስጥ የውሃ ቦቴ አሽከርካሪ አስደረግሁት። ደምቢያ ልወስደው የሄድሁ ዕለት አማቴ ወይዘሮ ጥሩነሽ እጄን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ያለ እሱ ወንድ የለኝም። አደራ፤ እንደ ወሰድኸው መልሰህ አምጣልኝ» አለችኝ። እሺ አልኋት። በኛ አገር አደራ በላ ከሌባም ከቀማኛም ይከፋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ ከዓይኔ ሲርቅ ልቤ አይረጋም ነበር።

ሲሳይ በሠፈሩ የገና አውራ የነበረ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ ልጅ ነበር። ሲመታ ኳሷ ከዓይን ትጠፋለች፤ ሱዳናውያን ሾፌሮች ሳይቀሩ መኪና አቁመው ያዩታል። ቂም አያውቅም፣ ያለውን ያበላል። ችግሩ መሸነፍን አለመቻሉ ነው። ፈፋው ውስጥ ገብቶ ዱላ ሰብሯል፣ ሁለት እሑድ ሳይጫወት ኩርፊያ ይዟል። ጋሼ መንገሻ ከሁላችን አብልጦ ይወደው ነበር። ልጅ አልነበረውምና እኔ እንደ ልጁ ያየዋል እል ነበር። በየሳምንቱ ዱላውን በብብቱ ሸጉጦ፣ ኮዳውን ከፍቶ፣ ይህን ልጅ ወደ ኋላ መምታት ካላስተማርሁ ብሎ ይታገላል። ሲሳይም ለእሱ ሲል ውሃውን ይጠጣል፣ ኳሷን ግን እያጉረመረመ ነው የሚያወጣት። ቢሆንም እየተሻሻለ ነበር። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ሳይነገረው ትንሿን ዱላ ሲጠይቅ ሰማሁትና ደስ አለኝ።

በጥር ወር ከገዳሪፍ እንግዶች መጡ። የሱዳን ጭነት አስተላላፊዎች ናቸው፤ በአሸዋ ላይ ጎልፍ መጫወት ከአባቶቻቸው የወረሱት ነው። ከሚስተሩ ጋር ይተዋወቁ ኖሮ ግጥሚያ ተያዘ። የኮኪት ሰው፣ የእርሻ የቀን ሠራተኛው፣ ፖሊሱ፣ መምህሩ ሁሉ ሜዳው ዳር ቆመ። ከኛ ወገን ሲሳይ፣ ከነሱ አንድ ነጭ ጀላቢያ የለበሱ አዛውንት ለመጨረሻው ዙር ቀሩ። አዛውንቱ ሲመቱ ኳሷ ሩቅ አትሄድም፤ ግን ባሰቧት ቦታ ታርፋለች። አምስተኛው ጉድጓድ ላይ እኩል ደረሱ።

ሲሳይ መታ። ኳሷ ወደ ግራ ታጥፋ ፈፋው አፋፍ ላይ፣ ቁርቁራ ሥር ወደቀች። ከረጢቱን የያዘው ጋሼ መንገሻ ነው። ሄዶ አያት፣ ትልቁን ዱላ እንደ ልማዱ መዝዞ ብብቱ ሥር አደረገው። ወደ ኋላ ቢያወጣት፣ አንድ ምት ቢከስርም እኩል መውጣት ይችል ነበር። ሕዝቡ ግን ይህን ሲያይ መጮኽ ጀመረ። «አሻግራት! አሻግራት!» ይላል የደገኛው ልጅ ሁሉ። ሲሳይ እጁን ዘረጋ። ጋሼ መንገሻ ዱላውን እንደ ያዘ ቆመ። እኔ ቅርብ ነበርሁና ፊቱን አየሁት፤ እሱም ማሸነፍ አማረው። ስንት ዓመት የሰው ከረጢት ተሸክሞ፣ የሌላውን ድል ሲያጨበጭብ የኖረ ሽማግሌ ነው። ኮዳውን ሳይከፍት ዱላውን ሰጠው።

ኳሷ በቁርቁራው እሾህ መካከል አልፋ፣ ፈፋውን ተሻግራ፣ ዘይት በጠጣው አሸዋ ላይ አርፋ ተንከባልላ ባንዲራው ሥር ቆመች። እንደዚያ ያለ ምት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ሕዝቡ ሲሳይን በትከሻው ተሸክሞ ካምፑን ዞረ። የሱዳኑ አዛውንት «ማሌሽ»፣ ግድ የለም፣ ብለው ፈገግ አሉና ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። እኔም ጮኼ ድምፄ ተዘጋ።

ማታ ከመሆኑ በፊት ጋሼ መንገሻን ፍለጋ ብሄድ ግምጃ ቤቱ ደጃፍ ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁት። ምነው ደስ አላለህም ብዬ ብጠይቀው፣ «ዛሬ ልጁን ጎዳሁት» አለኝ። አሸንፏል እኮ አልሁት። «ለዚህ እኮ ነው» አለ። ያን ጊዜ የሽማግሌ ነገር ብዬ አለፍሁት።

ሲሳይ ከዚያ ቀን በኋላ ውሃውን አልጠጣም። ኮዳው ሲቀርብለት ይስቃል። ወደ ኋላ የሚመታ ሰው ሲያይ፣ እኔ በጥር ከየት አሻገርኋት ይላል። እውነቱን ነው፤ አሻግሯታል። ሰውን ከተሸነፈበት ይልቅ ያሸነፈበት እንደሚያሳስተው የገባኝ በሐምሌ ነው።

ክረምቱ ገባ። ሜዳው ለባለቤቱ ተመልሶ ሰሊጥ ተዘራበት፣ ፈፋውም ውሃ መውረድ ጀመረ። ድልድዩ ገና ስላላለቀ መኪና የሚሻገረው ፈፋው ላይ ድንጋይና አፈር ሞልተን ባበጀነው ተለዋጭ መንገድ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ የትራክተር ሾፌር ካምፑ ድረስ መጥቶ የሲሳይ ቦቴ መሻገሪያው ላይ መያዙን ነገረን። ጋሼ መንገሻ ሰንሰለትና አካፋ አውጥቶ፣ ጥቂት የቀን ሠራተኞች አስከትሎ ግሬደሬ ላይ ወጣ። ከደጋው በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ ዝናቡ እዚያ እየጣለ ነው፣ ጎርፉ እየመጣ ነው ማለት ነው።

ስንደርስ ቦቴው ውሃ እንደሞላ፣ የኋላ ግራ ጎማው ከመሻገሪያው ዳር ወርዶ ወደ ፈፋው ዘመም ብሎ ቆሟል። እስከዚህ ድረስ ምንም አልነበረም፤ አንድ ምት ነው። ጋሼ መንገሻ ገና ሳይወርድ፣ ሞተሩን አጥፋና ውረድ፣ ውሃውን እናፍስሰው፣ ከዚያ ወደ ኋላ እንጎትትሃለን ብሎ ተጣራ። ሲሳይ በመስኮት ብቅ አለ። መሻገሪያው ማዶ ገበሬዎችና የእርሻ ሠራተኞች ተሰብስበው ያያሉ። ግማሾቹ በጥር ሜዳው ዳር የነበሩ ናቸው።

«ጋሼ፣ አትጨነቅ። አሻግረዋለሁ» አለ ሲሳይ። ነዳጁን ረገጠ።

ጎማው ዋልካውን ቆፈረ፤ ቦቴው አንዴ ወደፊት ተንፈራገጠ፤ ውስጡ ያለው ውሃ ወደ ግራ ገፋና መኪናው በጎኑ ይወርድ ጀመር። ሲሳይ በሩን ከፍቶ ዘለለ። የዘለለው መኪናው በሚያዘነብልበት በኩል ነው፤ ሌላ በር ለመድረስ ጊዜ አልነበረውም። የመኪናው መረማመጃ ብረት ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ጭቃው ውስጥ ይዞት ቀረ። ቦቴው በዚያ ላይ ተደግፎ ቆመ። ጩኸቱን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ከፈፋው በላይ በኩል የውሃ ድምፅ ይመጣል።

እኔ በዚያን ሰዓት ያሰብሁት አማቴን ነው። እንደ ወሰድኸው ያለችኝን። ግሬደሩን አዙሬ፣ ሰንሰለቱን ከቦቴው አፍንጫ አስይዤ በአንድ ጉልበት ሽቅብ ልመነጭቀው ተነሣሁ። ሠራተኞቹም ጎትት ጎትት ይሉኛል። ሲሳይ ራሱ ጎትት ይለኛል። ጋሼ መንገሻ፣ ያ ቀስ ብሎ የሚራመድ ሰው፣ እንዴት እንደወጣ እንጃ፣ መሰላሉ ላይ ደርሶ ሞተሬን አጠፋው። ቁልፉን መዝዞ ብብቱ ሥር ሸጎጠ። ኮዳውን ከፈተ።

«ጠጣ» አለኝ።

ልመታው ነበር። እጄን አነሣሁ እኮ። ሰውየው አልተነቃነቀም፣ ኮዳውን እንደ ዘረጋ ቆመ። ተቀብዬ ጠጣሁ። ውሃው ጉሮሮዬን አልፎ ሲወርድ ዓይኔ የተከፈተ ያህል መኪናውን አየሁት። ከአፍንጫው ሽቅብ ብጎትተው ተገልብጦ ሙሉ በሙሉ ልጁ ላይ ይተኛል። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ያ ነበር።

«በቀላሉ የሚያስወጣው በየት በኩል ነው?» አለኝ ጋሼ መንገሻ።

እኔም ነገርሁት። መኪናውን አናወጣውም፤ እንይዘዋለን ብቻ። አንዱ ሠራተኛ ተንፏቅቆ የቦቴውን ቧንቧ ከፈተ፣ ውሃው መፍሰስ ጀመረ። እኔ ግሬደሩን በቀኝ በኩል፣ በደረቁ ላይ አቁሜ፣ ብሌዱን መሬት ውስጥ ተክዬ፣ ሰንሰለቱን ከቦቴው ወገብ አስሬ ወጠርሁት። ጋሼ መንገሻና ሁለት ሰዎች ሲሳይ ሥር ገብተው ጭቃውን በእጃቸውና በአካፋ ይዝቁ ጀመር። መኪናውን ከእግሩ ማንሣት አይቻልም፤ መሬቱን ከእግሩ ሥር ማንሣት ግን ይቻላል። ስንት መኪና የቀበረብን ዋልካ በዚያ ቀን በመርጠቡ አመሰገንሁት። ጎርፉ ወገባቸው ላይ ሲደርስ እግሩ ተላቀቀ፤ በብብቱ ይዘው ወደ ኋላ ጎተቱት።

ያን ጊዜ ብሌዱ መሬቱን እየቀደደ፣ ግሬደሬ ራሱ እየተሳበ ነበር። ቦቴው አዲስ ነው፣ የመሥሪያ ቤት ንብረት ነው፤ ላድነው ብዬ ማርሽ ላስገባ አልሁ። ጋሼ መንገሻ ጭቃ ውስጥ ተቀምጦ፣ የሲሳይን ራስ ጭኑ ላይ አድርጎ፣ በእጁ ልቀቀው አለኝ። ቀስ እያልሁ ግሬደሩን አስጠጋሁለት። ቦቴው ተንሸራትቶ ፈፋው ውስጥ ተኛ፣ ሰንሰለቱ ላላ፣ ፈታሁት። ጎርፉ በላዩ ሄደ።

ሸሕዲ ጤና ጣቢያ ደሙን አቁመው ወደ ጎንደር ላኩት። ሆስፒታል እግሩን ለማትረፍ ብዙ ደከሙ፤ አልሆነም። ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ስለ መኪናው ምርመራ ተደርጎ ሚስተሩ ሁለታችንን ጠርቶ ለምን ለቀቃችሁት አለን። ጋሼ መንገሻ ሚስተሩ ራሱ ኳሱን ወደ ኋላ ያወጣ ወደነበረበት ሜዳ፣ አሁን ሰሊጥ ወደበቀለበት፣ በእጁ አመለከተ። ሚስተሩ በመስኮት ብዙ አየና ወረቀቱ ላይ ፈረመ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ቦቴው ያነሣብን የለም። ሲሳይ ሲድን መዝገብ ቤት ቦታ እንዲሰጡትም አዘዘ። በኋላ ያ ልጅ የብዙ ሾፌር ሕይወት ያተረፈ የስምሪት ኃላፊ ሆነ፤ ወንዝ የሞላ ዕለት መኪና አያስወጣም፣ የሚለምነውን ሁሉ ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ እግሩን ያሳየዋል።

አስቸጋሪው ቀን ግን የመስቀል ሰሞን ደምቢያ የወሰድሁት ቀን ነበር። ከሆስፒታል ሲወጣ ቤት ሳላደርሰው ወደ ሥራ አልመለስም አልሁ። ጋሼ መንገሻም ካልሄድሁ ብሎ ተነሣ። ጤናው ደህና አልነበረም፤ ከዚያ ከሐምሌ ጀምሮ ያስለው ነበር። ምን ሊል እንደሚሄድ አውቄያለሁ። ዱላውን የሰጠሁት እኔ ነኝ ሊላት ነው።

አማቴ ደጃፉ ላይ ቆማ ጠበቀችን። ሲሳይ በሁለት ምርኩዝ እየተደገፈ ግቢውን ሲያቋርጥ አየችው። አልጮኸችም። እኔ እግሯ ላይ ወደቅሁ። አደራሽን በላሁ፣ እንደ ወሰድሁት አላመጣሁትም እያልሁ አለቀስሁ፤ እንደ ልጅ ነው ያለቀስሁት። ከኋላዬ ጋሼ መንገሻ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «እመቤት፣ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። የኔ ነው» ብሎ ጀመረ።

አማቴ እጇን አንሥታ አስቆመችው። ወደ ቤት ገብታ ውሃ በጣሳ ይዛ ወጣች። ከመንገድ ለመጣ ሰው ሁሉ የምታደርገው ነው፤ ስለ ጨዋታው፣ ስለ ኮዳው ማንም የነገራት የለም።

«መጀመሪያ ይጠጡ» አለችው። «የደከመው ሰው ሳይጠጣ አይናገርም።»

ጋሼ መንገሻ ጣሳውን ተቀበለ። አንድ ጉንጭ ጠጣ። እሷ ወደ ልጇ ዞራ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ አየችው፣ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ዳበሰችው፣ ባዶ የቀረውንም የሱሪ እግር እጥፍ አድርጋ አስተካከለችለት። ቀና ስትል ዓይኗ ሞልቶ ነበር።

«የመጣልኝን ልየው» አለች። «የቀረውን ማን ጠየቃችሁ።»

ከዚያ ግቡ አለችን። ጋሼ መንገሻ ሊናገር የመጣውን አልተናገረም። ደጃፉ ላይ ቆሞ የቀረውን ውሃ ቀስ ብሎ፣ ጣሳው ባዶ እስኪሆን ጠጣና ተከትሎን ገባ።